አሜን ያለው ዘንዶ

ጋሽ እሸቴ ማረፋቸውን የሰማሁት ፋርማሲ ቆሜ ለአንዲት እናት የሳል ሽሮፕ አወሳሰድ ሳስረዳ ነው። ስልኬ ጮኸ። «ዘንዶ ገዳዮቹ» የሚባል የቴሌግራም ግሩፕ አለን፤ ሁለት ተዋጊዎች፣ አንድ ተራኪና አንድ መራቂ ያሉበት። ዮናስ ነው የጻፈው፦ «መራቂያችን አረፉ። ቀብር ነገ ነው።» መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ሰው እንዴት መርዶ «ዘንዶ ገዳዮቹ» በሚባል ግሩፕ ውስጥ ይጽፋል? ያውም ከመርዶው በላይ የነበረው እኔ ራሴ የላክሁት የሚስቅ የአባ ኮዳ ወፍ ስቲከር ነው።

እናትየዋ ፊቴን አይታ «ምነው ልጄ?» አለችኝ።

«ሰው ሞቶብኝ ነው» አልኳት።

«ምንሽ ናቸው?» ብትለኝ ምን እላታለሁ? አባቴ አይደሉም፣ አጎቴም አይደሉም። የጓደኛዬ አከራይ ናቸው፤ ለአከራይ ደግሞ ማን ያለቅሳል? ደግነቱ አልጠየቀችኝም፤ «ነፍስ ይማር» ብላ ሽሮፗን ይዛ ወጣች። እኔ ከመድኃኒት መደርደሪያው ኋላ ገብቼ አለቀስኩ።

የግሩፑ ስም ግን ውሸት መሆኑን ከአሁኑ ልናገር። ይህን ሁሉ ጊዜ ስንጫወት የወደቀ ዘንዶ አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም እኛ አልገደልነውም።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ፤ ጨዋታ ነው። ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ተረቱን የሚያወራው እሱ ነው፣ ጭራቁንም ሽፍታውንም ዘንዶውንም ሆኖ የሚናገረው እሱ ነው። ሌሎቻችን ጀግኖች ነን። «ዋሻው ጋ ደረሳችሁ፣ ምን ታደርጋላችሁ?» ይለናል፤ ያሰብነውን እንናገራለን፤ ብዙ ገጽ ያለው ዳይስ እንጥላለን። ቁጥሩ ከፍ ካለ ይሳካል፤ ዝቅ ካለ ወየውልን። ጨዋታውን ከዩኒቨርሲቲ ይዞት የመጣው ማቲዎስ ነው። ማቲዎስ የሲዳማ ልጅ ነው፣ ሆቴል ውስጥ ሒሳብ ይሠራል፣ በቸርቹ መዘምር ነው። ሀዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ጋሽ እሸቴ ግቢ ውስጥ አንዲት ሰርቪስ ቤት ተከራይቶ ነበር የሚኖረው፤ እሁድ እሁድ ከቸርች መልስ እዚያው እንሰበሰባለን።

በዚህ ጨዋታ ጀግና ሁሉ ሙያ አለው። ባለ ጎራዴ አለ፣ ቀስተኛ አለ፣ እሳት የሚተፋ አስማተኛ አለ። ከዚያ ደግሞ ደጋፊ የሚባል አለ። የቆሰለውን ያክማል፤ ውጊያ ከመጀመሩ በፊት ቡድኑን ይመርቃል፤ የተመረቀ ሰው ዳይሱ ላይ ቁጥር ይጨመርለታል። ራሱ ግን ማንንም አይገድልም። ስለዚህ ማንም እሱን መሆን አይፈልግም። ሰርግ ቤት ሚዜ ለመሆን የሚጣላ ሞልቷል፤ ወጥ ለማቅረብ የተጣላ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ማቲዎስ እኔን ጠየቀኝ። «ትዕግሥት፣ አንቺ ፋርማሲስት ነሽ፤ ደጋፊዋ አንቺ ብትሆኚስ?»

ስሜ ትዕግሥት ነው፤ ያወጡልኝ ሰዎች ተስፋ አድርገው ነው እንጂ አውቀውኝ አይደለም። «ሳምንቱን ሙሉ የሰው ሳልና ቁስል ስሰማ ከርሜ እሁድም ላክም? እሁድ እገድላለሁ!» አልኩት። ከእኔ የሚረዝም ጎራዴ ያዝኩ። ዮናስ ደግሞ መናኸሪያ አካባቢ ብየዳ ቤት አለው፤ ሳምንቱን ሙሉ እሳት ሲተፋ ሰንብቶ እሁድ ሲመጣ ምን ልሁን ቢል ጥሩ ነው? እሳት የሚተፋ አስማተኛ። ሥራው ያልሰለቸው ሰው ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

እናም በየሳምንቱ እናልቅ ነበር። ገና መጀመሪያው ድልድይ ላይ አፅሞች ይፈጁናል። ማቲዎስ ሰልችቶት «ደጋፊ የሌለው ቡድን ሬሳ ነው፤ የጨዋታው መጽሐፍም ይላል» ይለናል። እኛ ደግሞ አዲስ ጀግና ፈጥረን፣ አዲስ ጎራዴ ይዘን፣ በሚቀጥለው እሁድ እዚያው ድልድይ ላይ እንሞታለን።

እንደዚያ ስንሞት በነበረ አንድ እሁድ ነው በሩ የተበረገደው። እኔ ቆሜ «አንገቱን በለው! አትማረው!» እያልኩ ነበር፤ ዮናስ «ከነቤቱ አቃጥለዋለሁ!» እያለ። ጋሽ እሸቴ ነጠላቸው ከትከሻቸው ወርዶ መሬት እየጠረገ፣ ከዘራቸውን ወደ ላይ ይዘው ገቡ።

«ተዉ! ስለ ወላዲት አምላክ ተዉ! እንዲህ ያለ ነገር በእኔ ግቢ!»

በዓይናቸው የፈሰሰ ደም ፈለጉ። ያገኙት ሻይ፣ ዳይስና የተቆረሰ ዳቦ ነው።

«የታለ ተደባዳቢው?»

ማቲዎስ አከራዩ ናቸውና ብድግ ብሎ አስረዳ። ቁጭ ብለው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዳመጡት። ሲጨርስ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ትገድያለሽ። ይሄኛው ያቃጥላል። ከመሃላችሁ ታላቅ የታለ?»

«ታላቅ የለንም ጋሼ፤ ጨዋታው ታላቅ አይጠይቅም።»

«በሉ እንግዲያ የምትሞቱት ለዚህ ነው» አሉና ከዘራቸውን ጠረጴዛው ላይ፣ ካርታው መሃል አጋደሙት። ደጋፊ አገኘን።

እኚህን ሰው በደንብ ለማወቅ የድሮ ሥራቸውን ማወቅ ያስፈልጋል። ጡረታ እስኪወጡ መናኸሪያው ውስጥ የአውቶቡስ ስምሪት ሠራተኛ ነበሩ። አውቶቡስ ሊወጣ ሲል ደረጃው ላይ ወጥተው ተሳፋሪውን ያያሉ፣ በወንበር የተጣላውን ያስታርቃሉ፣ ከዚያ ሳይመርቁ አይወርዱም። ሾፌሩ ሞተር አጥፍቶ ይጠብቃል። የአርባ ምንጩም የሻሸመኔውም የአዲስ አበባውም አሜን ሳይል አይነቃነቅም ነበር ይባላል። ጡረታ ሲወጡ ደሞዛቸው ሳይሆን ደረጃው ናፈቃቸው። ሚስታቸው ሞታለች፣ አንዲት ልጃቸው ሰላም ዲላ ታስተምራለች፤ ግቢ ውስጥ የሚመረቅ የቀረው የአቮካዶው ዛፍ ብቻ ነበር። እኛ ደረስንላቸው ልበል፣ እሳቸው ደረሱልን?

ለጀግናቸው ስም አውጡ ብንላቸው «እሸቴ» አሉ። እኔ ነጎድጓዲት ነኝ፣ ዮናስ ነበልባል ነው፤ ከመሃላችን እሸቴ የሚባል ሽማግሌ ነጠላ ለብሶ ጫካ ለጫካ ይሄዳል። ሕግ አወጡልን። አንደኛ፣ ቁጭ ብሎ ምርቃት የለም፤ ተነሡ! ሌላው፣ የተቆጣ ሰው አይመረቅም፤ አይይዝለትም። ይህኛው ሕግ ለእኔ ሲባል የወጣ ነው።

መጀመሪያ የመረቁን ቀን ሽፍቶች ከኮረብታ እየወረዱ ነበር። እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ጀመሩ፤ ከሀገር ጀመሩ፣ ወደ ዝናብ ሄዱ፣ ከዚያ ወደ ትዳራችን መጡ። ማቲዎስ ፈራ ተባ እያለ «ጋሼ፣ ሽፍቶቹ እየደረሱ ነው» አላቸው።

«ይጠብቁ!»

ሽፍቶቹም ጠበቁ። ዳይሱ በማቲዎስ እጅ ላይ ላብ እስኪያወጣ ጠበቁ። ኋላ ላይ ተናድጄ ማቲዎስን ያዝኩት፤ «የምን ሽፍታ ነው ቆሞ ምርቃት የሚያስጨርስ?»

«በእኛ በሲዳማ ጪሜሳ፣ ማለት የተከበረ ሽማግሌ፣ ሲመርቅ ዝንብ እንኳ እሽ አይባልም» አለኝ። «ምን ላድርግ ትዕግሥት፣ ታላቅ ሰው እጁን ዘርግቶ እያለ እንዴት ብዬ በቀስት ልምታው? እጄ እምቢ አለኝ።»

በመጽሐፉ ላይ ደጋፊ ደካማ ነው፤ ሁሉም ከኋላ ይሸጉጠዋል። ሀዋሳ ሲመጣ ግን የሚነካው ጠፋ። ጋሽ እሸቴ እጃቸውን እስካላወረዱ ድረስ ጭራቅ አይነክስም፣ ጎርፍ አይሞላም፣ ድልድይ አይሰበርም። እሳቸውም አወቁት፤ አውቀው ምርቃቱን አስረዘሙት። ጎራዴዬ ከሰገባው ሳይወጣ የሚያልፉ እሁዶች መጡ። «ይህ የጦርነት ጨዋታ ነው ወይስ የማኅበር?» እያልኩ እጮኽ ነበር፤ ሰሚ የለም፣ ሁሉም ቆሞ አሜን እያለ ነው።

ቅዱስ ነበሩ እንዳትሉ። ሲለመኑ ደስ ይላቸው ነበር። ዮናስ አንድ ጊዜ በተረቱ ውስጥ አንዲት ጠጅ ቤት ያላትን ሴትዮ ሰደበ፤ ወዲያው ጫካ ስንገባ ተኩላ ዘነጠለው። ሊሞት ትንሽ ቀርቶታል። «ጋሼ ያክሙኝ!» ይላል። ሻያቸውን በስኳር እያማሰሉ «መጀመሪያ ያችን ሴትዮ ይቅርታ ጠይቅ» አሉት።

«ጋሼ እየሞትኩ ነው እኮ!»

«እየተድበለበልክም ቢሆን ሂድ። ክብሯ በአንተ አፍ ተነክቷል።»

አስማተኛው ነበልባል፣ ስንቱን ቤተ መንግሥት ያቃጠለው፣ ደሙን እያዘራ ወደ ኋላ ተመልሶ የጠጅ ቤት እመቤት እግር ላይ ወደቀ። ማቲዎስም ሴትዮዋን ሆኖ፣ ቀጭን ድምፅ አውጥቶ፣ ወዲያው ይቅር አላለውም፤ አስለመነው። ጋሽ እሸቴ ደስ ብሏቸው ሁለተኛ ሻይ አስቀዱ።

እንግዲህ ዘንዶው። ማቲዎስ ለወራት ያዘጋጀው ዘንዶ ነው፤ ክንፉ ሲዘረጋ ታቦር ተራራን የሚሸፍን፣ ድምፁ የሚያርበደብድ። ማቲዎስ ድምፁን ወፍራም አድርጎ «እናንተ ትሎች፣ ዛሬ ከዚህ ዋሻ አትወጡም!» አለን። እኔ ጎራዴዬን ጨበጥኩ፤ ይህን ቀን ስጠብቅ ኖሬአለሁ።

«ተነሡ» አሉ ጋሽ እሸቴ።

ተነሣን። ዘንዶውም፣ ማለት ማቲዎስም፣ አክብሮ ተነሣ።

«የሄዳችሁበት ይቅና!»

«አሜን!»

«ከእሾህ ከእንቅፋት ይሰውራችሁ!»

«አሜን!»

«እጃችሁ አይዛል! ጠላታችሁ ከእግራችሁ ሥር ይውደቅ!»

«አሜን!» አለ ማቲዎስ ከሁላችን ጮክ ብሎ። የመዘምር ድምፅ ነው፤ ክፍሏን ሞላት።

ሁላችንም ወደ ማቲዎስ ዞርን። ውጭ አንድ ባጃጅ ጥሩንባውን ነፍቶ አለፈ።

«አሜን አለ» አሉ ጋሽ እሸቴ ቀስ ብለው። «ሰምታችኋል። ዘንዶው አሜን አለ።»

«እኔ ነኝ ያልኩት! ዘንዶው አላለም!»

«አሁን በማን ድምፅ ነበር ትል እያልክ ስትሰድበን የነበረው?»

«በዘንዶው... ግን ጋሼ ለምዶብኝ ነው! ከአፌ አምልጦኝ ነው!»

«አሜን ልማድም ቢሆን አሜን ነው። አሜን ያለ ሰው ቃሉን አያጥፍም። አንተ ደግሞ የጸሎት ሰው ነህ ማቲዎስ፤ አሜንህን መልሰህ ልትውጣት ነው?»

ማቲዎስ ጣራውን አየ፣ መጽሐፉን ገለጠ፣ ዘጋው። ዘንዶ በገዛ ውድቀቱ ላይ አሜን ቢል ምን እንደሚደረግ መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች አላሰቡበትም። በመጨረሻ በራሱ ድምፅ፣ ሞራሉ ወድቆ፣ «ዘንዶው... ወደቀ» አለ። ዮናስ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። እኔ ዳይሴን ግድግዳ ላይ ወረወርኩት። ስንት ወር ጎራዴ ስስል ኖሬ በአሜን! እስካሁንም ሳስበው ያበግነኛል።

ግን ከዚያ ጊዜ ወዲህ የመጣው ነገር ነው ሰውየውን የማያስረሳኝ። በአንዱ እሁድ ምርቃት ሳይጀመር አንዲት ቀስት መጣችና የሽማግሌውን የእሸቴን ጎን ወጋች። ደጋፊ ራሱን ማከም አይችልም፤ የማቲዎስ ሕግ ነው። ቡድኑ ውስጥ ደግሞ ከገዳይ በቀር ሰው የለም። ማንም አንብቦ መመረቅ የሚችልበት አንድ ጽሑፍ ከዋሻው አግኝቼ ነበርና «እኔ ልመርቅዎት ጋሼ፣ ይድናሉ» አልኳቸው።

የእውነት ከፋቸው። «ልጅ አባቱን አይመርቅም። ምርቃት እንደ ውሃ ነው፤ ቁልቁል ነው የሚወርደው።»

«ጨዋታ ነው እኮ ጋሼ!»

«ጨዋታ ከሆነማ ለምን ዳይስ ግድግዳ ላይ ትወረውሪያለሽ?»

 ከዚያ በኋላ እሸቴ እያነከሰ፣ ቁስሉን በነጠላው አስሮ ሄደ። አንድ ቀስት ብትደግመው ያበቃለታል። ስለዚህ ነጎድጓዲት፣ ያቺ የጎራዴ እመቤት፣ ሥራዋ ተቀየረ፤ የሽማግሌ ክንድ ይዞ ድልድይ ማሻገር ሆነ። ነበልባልም እሳቱን የሚያነደው እሳቸው እንዲሞቁ ነው። ደጋፊ የናቅን ሰዎች ሁላችንም ደጋፊ ሆነን አረፍነው። አንድ ቀን ሻያቸውን እያማሰሉ እንዲህ አሉ፦ «ታላቅ ለመሆን አትቸኩሉ ልጆቼ። ታላቅ ስትሆኑ የሚመርቃችሁ ሰው ያልቃል።» ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

ብዙም ሳይቆይ ጋሽ እሸቴ ራሳቸው መክሳት ጀመሩ። ሰላም ከዲላ መጥታ ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው፤ አንጀታቸው ላይ እብጠት ተገኘ። አዲስ አበባ ሄደው ቶሎ ይቀደዱ፣ ከቆየ አይሆንም ተባለ። ቀጠሮም ተያዘ። እሳቸው ግን እምቢ አሉ።

«ስንቱን አውቶቡስ መርቄ ሰድጃለሁ። እኔ ሳልመረቅ ነው ቢላዋ ሥር የምተኛው? አልሄድም!»

የንስሐ አባታቸው መጡ፣ ጸለዩ፣ ጠበል ረጩ። ጋሽ እሸቴ መስቀል ተሳልመው ሸኟቸውና «እሱ የእግዜር ነው፣ ተመስገን» አሉ። «እኔ ያልኩት የሰው ነው። በዕድሜ የሚበልጠኝ ሰው፣ እጁን ዘርግቶ፣ ሄደህ ተመለስ ይበለኝ።» ሰላም ለመነች፣ አለቀሰች፤ አልተበገሩም። ፈርተው ነበር። እንዲህ ያለ ፍርሃት ሰው ላይ አውቃለሁ፤ ፋርማሲ መስኮት ላይ በየቀኑ አየዋለሁ፤ ሰው መድኃኒቱን ይዞ «ሌላ ጊዜ እጀምረዋለሁ» ሲል እሱ ነው።

ስለዚህ ዘንዶ ገዳዮቹ ሽማግሌ ፍለጋ ወጣን። ከጋሽ እሸቴ የሚበልጥ ሰው! ሰፈሩን አዳረስን። ያልሞተው አልጋ ላይ ነው፤ አልጋ ላይ ያልሆነው ሰው አይለይም። የቀሩት አባባ ገብሬ ናቸው፤ ሁለት ግቢ አልፎ የሚኖሩ፣ ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሲሰፉ የኖሩ፣ ወገባቸው ጎብጦ መሬት የሚያዩ ሰው።

«እኔ? እሸቴን? ታላቄን?» አሉን።

«አባባ፣ እርስዎ እኮ ይበልጧቸዋል...»

«ወገቤን አይታችሁ አትፍረዱ! የስፌት መኪና ላይ ነው የጎበጠው። እሸቴ ሲያገባ እኔ ጢም አላበቀልኩም ነበር።»

በግድ አመጣናቸው። ሁለቱ ሽማግሎች አቮካዶው ሥር ተቀምጠው ታላቅነትን አንዱ ለሌላው ሲገፋ ዋሉ።

«ገብሬ፣ መናኸሪያው ሲሠራ አንተ ድንጋይ ተሸክመሃል! እኔ ሕፃን ነበርኩ!»

«ተሸካሚው አንተ ነህ! እኔ ምሳ ያመጣሁልህ ልጅ ነኝ!»

ዮናስ በሳቅ ፈነዳ። እኔ አልሳቅኩም፣ ገብቶኛል። ታላቅነት ወደ ሞት የሚሄድ ሰልፍ ነው፤ ፊት ላይ መቆም ማንም አይፈልግም። አባባ ገብሬ «ታላቅ እያለ እኔ አፌን አልከፍትም» ብለው ከዘራቸውን እየጎተቱ ሄዱ። ጋሽ እሸቴ ጀርባቸውን እያዩ ቀሩ።

የመሄጃው ጠዋት ደረሰ። ሰላም ትኬት ቆርጣ፣ ሻንጣ አዘጋጅታ ወጣች። እሳቸውም ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው ወጡና «መናኸሪያ ድረስ ልሸኝሽ» አሏት። የሚታከሙት እሳቸው፣ ሸኚውም እሳቸው! ሰላም እሺ ብላ በባጃጅ ይዛቸው መጣች። እኛም ተከተልን። «እስኪሞላ ድረስ አጠገቤ ተቀመጥ አባዬ» ብላ መስኮት ጋ አስቀመጠቻቸው። ያንን ደረጃ ያዩ ነበር፤ ስንት ዓመት የቆሙበትን። አሁን የሚቆምበት የለም፤ ረዳቱ በሩን እየደበደበ ሰው ይጣራል፣ በቃ።

አውቶቡሱ ሞላ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ። ጋሽ እሸቴ ብድግ አሉ። «በሉ እንግዲህ፣ ልውረድ።»

ሰላም እጃቸውን ይዛ ማልቀስ ጀመረች። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ቢወርዱ እንደማይመለሱ አውቄአለሁ፤ ያ እብጠት ቀጠሮ አያከብርም። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ደረጃው ላይ ወጣሁ፣ እጄን ዘረጋሁ።

«ተሳፋሪዎች!» አልኩ። 

አንዱ ከመሃል «ምንድነው የምትሸጠው?» አለ። ሌላዋ ቦርሳዋን ያዝ አደረገች፤ የምለምን መስሏት።

«ምንም አልሸጥም። ልመርቃችሁ ነው።»

ሳቁ። ሾፌሩ ዘወር ብሎ አየኝ፣ እጄን አየ፣ ሞተሩን አጠፋ። እግዜር ይስጠው፣ እስከ ዛሬ ስሙን አላውቅም።

«መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ!»

«አሜን» አሉ ጥቂቶች፣ እየሳቁ።

«ከእሾህ ከእንቅፋት ይሰውራችሁ!»

«አሜን!» አሁን ብዙ ናቸው።

«ሐኪም የሚጠብቃችሁ ካላችሁ የሐኪሙን እጅ ይባርክላችሁ! የተኛ ይነሣ!»

«አሜን!»

«በሰላም ሄዳችሁ በሰላም ተመለሱ! ደጃችሁ አይዘጋ!»

«አሜን!» አለ አውቶቡሱ በሙሉ፤ ከመሃሉ አንድ የማውቀው ድምፅ ሰማሁ። ጋሽ እሸቴ ግማሽ ተነሥተው፣ መዳፋቸውን ወደ ላይ ከፍተው ቆመዋል። ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው የነቁት።

«አሜን ብለዋል ጋሼ!» አልኩ።

«እኔ... እኔ ለአውቶቡሱ ነው!»

«እርስዎስ የት ነው ያሉት?»

ማቲዎስ ከውጭ መስኮቱን እየደበደበ ጮኸ፤ «ሰምቻለሁ! አሜን ልማድም ቢሆን አሜን ነው! አሜን ያለ ሰው ቃሉን አያጥፍም!» ያ የዘንዶው ቂም ነበረበት፤ ደስታውን ልነግራችሁ አልችልም። ልጅ አባቱን አልመረቀም፤ ደጋፊ አውቶቡስ መረቀ፤ እሳቸው ተሳፋሪ ሆነው ተገኙ። ሕግ አልፈረሰም።

ጋሽ እሸቴ አየት አየት አደረጉኝና ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሻንጣውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ዓይናቸውን በነጠላ ጫፍ ጠረጉ። ደረጃውን ስወርድ ከኋላዬ «ተነሡ እንኳ አላለቻቸውም» ሲሉ ሰማኋቸው።

ተቀደዱ፣ ዳኑ፣ ተመለሱ። መጀመሪያ የነገሩኝ ነገር «ምርቃትሽ አጭር ነበር፤ ስፌቱ ቶሎ ያልሻረው ለዚህ ነው» የሚል ነው። በሚቀጥለው እሁድ ማቲዎስ ተረቱን ሲጀምር የእሸቴ ቁስል ድኖ ተገኘ። «ማን መርቆት?» አሉ ጋሽ እሸቴ ተቆጥተው። «አውቶቡስ» አለ ዮናስ። ከዚያ በኋላ ዓመታት አብረውን ሄዱ፤ ስንቱን ሽፍታ አስጠበቁ። አሁን ደግሞ አቮካዶው ሥር፣ ወንበራቸው ላይ እንዳሉ፣ ማንንም ሳያስቸግሩ አረፉ። ናፈቁኝ። ሌላ ምን ልበል? ሽፍታ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው አጣሁ።

ለቅሶው ግቢያቸው ውስጥ ነበር፤ ማቲዎስ ክፍል በር ላይ ድንኳኑ ተተከለ። ሰው ሊበተን ሲል አንዱ የእድሩ ሰው ተነሥቶ «ታላቅ ይመርቀንና እንሂድ» አለ። ዓይን ሁሉ ወደ አባባ ገብሬ ዞረ። አባባ ገብሬ ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ። ወንበሩን በሙሉ ፈለጉ። ታላቅነቱን የሚገፉለት ሰው አልነበረም። ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ መረቁን፤ አሜን አልን። ሲቀመጡ ፊታቸውን አየሁት። አውቶቡሱ ውስጥ ጋሽ እሸቴ ላይ ያየሁት ፊት ነው፤ ሰልፉ ፊት ላይ ብቻውን የቀረ ሰው ፊት።

ውሃ ቀዳሁና ሄድኩ። ብርጭቆውን ሊቀበሉኝ እጃቸውን ሲዘረጉ ጠብቄ፣ አጎንብሼ፣ ቶሎ ብዬ «እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጥልን አባባ» አልኳቸው።

«አሜን» አሉ፣ ሳያስቡት።